አያሌው ዓርብ እንዳይጋልብ

ሐሙስ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከምሠራበት ላቦራቶሪ የወሰድኩትን የልብ መመርመሪያ ማሽን ታቅፌ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሣሁ። ፈረሰኛው አያሌው ዓርብ በፈረሰኞች በዓል ላይ ይጋልባል። ወንድሙ እየጋለበ ወድቆ ስለሞተ ሁሉም በፈረሱ ፈርዶ ነበር። ረቡዕ የደረሰን የአያሌው የደም ውጤት ግን ሌላ ይላል፤ ብደውልለት ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

ዳንግላ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት አቆመን። ሆዱን እንጂ ሰዓቱን የሚያይ አልነበረም። እኔ ያዘዝኩትን ፍርፍር ትቼ ለአያሌው እንደገና ደወልኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ እንጅባራ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በመቶ ብር ባጃጅ ተኮናትሬ አያሌው ወደሚኖርበት ወደ ጥርባ ሄድኩ። በየደጁ ፈረሶች ሲታጠቡ ሳይ ጭንቀቴ ባሰ።

አያሌው ኮርቻ ሲወለውል ደረስኩ። አስቀምጬ ልቡን ለካሁት፤ በወረቀቱ ላይ ምንም ጉድለት አልታየም።

«ይኸው፣ ደኅና ነኝ!» ብሎ ተነሣ።

እኔም ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን ልዘጋ ስል ሚስቱ ውዴ፣ «ተቀምጦማ መቼ ታሞ ያውቃል?» አለች።

ክው አልኩ። ውጤቱም የሚለው ይህንኑ ነበር። በልብ ሕዋስ ሽፋን ላይ ፖታሲየም የሚወጣበት በር አለ። ሰው ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ፣ ከበሩ ጋር የሚያያዝ ሌላ ፕሮቲን «ፍጠን» የሚለውን ትእዛዝ ለበሩ ያደርሳል። የአያሌው ፕሮቲን ከበሩ ጋር በደንብ አይያያዝም። ተቀምጦ ሳለ ትእዛዙ ስለማያስፈልግ ጉድለቱ አይታይም። ሲጋልብ ግን ልቡ ይፈጥናል፣ በሩ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ምቱ ተዛብቶ ሊቆም ይችላል።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ጥቂት ቀስ ብሎ እንዲወጣ አድርጌ እንደገና ለካሁት። ልቡ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለማረፍ የሚወስድበት ጊዜ ረዝሟል።

«ብትጋልብ ልትሞት ትችላለህ» አልኩት።

«ታዲያ ፈረሴ ባዶ ኮርቻ ይዞ ይውጣ? እንዲያ የሚወጣው እኮ ባለቤቱ ሲሞት ነው!» አለና ልጓሙን አንሥቶ ወደ ሴት ልጁ ወደ የሺ ዞረ። «እሷ ትጋልብልኛለች።»

«የሷም ደም ያንተው ነው። ሳትመረመር አትጋልብም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የእኔም እንባ መጣ። ውዴ ልጓሙን ከእጁ ወሰደች።

«እኔ የሥጋ ዘመድህ አይደለሁ። ጫንልኝ» አለችው።

ዓርብ፣ መስኩ ላይ

ውዴ ጋለበች። አያሌው የሺን አጠገቡ አቁሞ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ዓይኑን ይጠርጋል። ሰኞ ሁለቱም ሐኪም ዘንድ እንዲቀርቡ አስምዬ ተመለስኩ።

ባሕር ዳር ቤቴ ገብቼ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማሽኑን ተሸክሜ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ውዴ ዝም ብትል ኖሮ እንዲጋልብ የምፈቅድለት እኔ ነበርኩ።