ኮብላይ ተብለው የተጻፉት

በግንቦት ወር ውስጥ አንድ ቀን፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ ወጣት ወታደር ሻንጣው ላይ ራሱን ጥሎ ተኝቶ አየሁ። ፈቃድ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስላል። ጥላው ከላዩ ሸሽቶ ፀሐይ ፊቱን እየጠበሰችው ነበር። አንድ ሽማግሌ መጡና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከራሱ በላይ ይዘው ቆሙ። አልቀሰቀሱትም። አንዱ እጃቸው ሲዝል ወደ ሌላው ያዛውሩታል።

አንድ ባለባጃጅ፣ «አባባ፣ ታቦት ነው እንዴ ጥላ የያዙለት?» ብሎ ጮኸ። በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ።

«ለእናቱ ታቦት ነው» አሉት፤ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ። የረዳቶች ጩኸት ወጣቱን ሊቀሰቅሰው ሲል ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ። እሱም ማን እንዳስጠለለው ሳያውቅ ቀረ። እኔ ግን ተከተልኋቸው። እግዚአብሔር ያሳየኝን አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ከበደኝ።

ሃምሳ አለቃ ገድሉ ይባላሉ። ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። መጽሐፍ እንደምወድ ሲሰሙ «እንግዲያው ና፤ አንድ የማይነበብ መጽሐፍ አለኝ» አሉኝ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ አዳምጣቸው ጀመር።

የቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ጽሕፈታቸው አምሮ ሳለ ለውትድርና ተመለመሉ። ያ ጽሕፈት የሻለቃ ጸሐፊ አደረጋቸው። «ሻለቃችን» ሲሉ አሁንም ያለ ያስመስሉታል። ከጎጃምና ከጎንደር ገጠር በተሰበሰቡ ገበሬዎች የተቋቋመ እግረኛ ጦር ነበር። ወደ ሰሜን ሲዘምት አምስት መቶ ሰማንያ ሰው ነበረው። ምሽግ ቆፈረ፣ ኮረብታ ያዘ፣ ኮረብታ ለቀቀ፣ ሌላ ምሽግ ቆፈረ። የስምንት ዓመት ታሪኩ ይኸው ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲበተን ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አርባ እንኳ አልቀሩም። የተረፈውም የወታደር ሸሚዙን በአሮጌ ጋቢ እየለወጠ በየፊናው ሄደ።

የማይነበበው መጽሐፍ አንድ የተበላሸ ደብተር ነበር። ላብና ዝናብ ቀለሙን አጥቦታል። በመንግሥት መዝገብ ላይ የወታደሩ የዓለም ስም ብቻ ይጻፋል። ቄስ ግን ለሞተ ሰው ፍትሐት ሲያደርስ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ስለዚህ ሃምሳ አለቃ ገድሉ ከውጊያ በፊት እየዞሩ የእያንዳንዱን የክርስትና ስም በዚህ ደብተር ይጽፉ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አያስመሰግንም፤ በድብቅ ነው።

ከወረታ ነጋዴዎች የተወለደ መስዑድ የሚባል መትረየስ ተኳሽ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን አየባቸው።

«እኔስ ሃምሳ አለቃ? የክርስትና ስም ከየት ላምጣ?»

«አንተን ‹መስዑድ ዓሊ› ብዬ ለብቻህ እጽፍሃለሁ።»

«አደራ እንዳትሳሳት! ቄስ እጅ ላይ ብትጥለኝ አባቴ ከወረታ ድረስ መጥቶ ይገርፈኛል።»

ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ቀጥሎ ያለውን ሲነግሩኝ ግን ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጡ።

«ስም የሌላት፣ በካርታ ቁጥር ብቻ የምትጠራ ኮረብታ ነበረች። ስንለቃት አሥራ ሰባት ሬሳ ቀረ። መስዑድም እዚያው ነው። አዛዡ ለበላዮቹ ‹ሬሳ ጥዬ አልወጣሁም› ብሎ በሬዲዮ ተናግሮ ኖሯል። በማግስቱ ጠራኝና መዝገቡን አስገለጠኝ። ‹አሥራ ሰባቱ ኮብልለዋል፤ ጻፍ› አለኝ። ‹ጓድ አዛዥ፣ ሲሞቱ ታይተዋል› አልሁት። ‹ሬሳቸው የታለ?› አለኝ። ሬሳ ከየት ላምጣ? ጻፍሁ። በዚህ እጄ፣ አሳምሬ ጻፍሁ።»

ደብዳቤው ለየቀበሌው ሄደ። ለኮብላይ አይለቀስም። ፍትሐት አይደረግለትም፤ ተዝካር አይወጣለትም፤ በሕይወት አለ ነውና። አሥራ ሰባት ቤት ልቅሶውን በሆዱ ይዞ ቀረ።

ጦሩ ሲበተን ሃምሳ አለቃ እውነቱን ሊነግሩ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይፈልጉ ጀመር። የቀን ሥራ እየሠሩ፣ ስንቅ እየቋጠሩ ዓመታት ፈጀባቸው። አንዳንዱ ቤት ተቀበላቸው፤ አንዳንዱ አባረራቸው። ወረታ ላይ የመስዑድ እኅት ሐሊማ፣ «አባቴ ‹ልጄ አይሸሽም› እያለ ነው የሞተው» ብላ መንገድ ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ እያሉ አሥራ ስድስት ቤት አዳረሱ።

የቀረው ቤት ጣና ዳር፣ ደልጊ ነው። ምሥጋና የሚባል፣ ከዓሣ አስጋሪዎች የተወለደ ወታደር። የክርስትና ስሙ ተክለ ጊዮርጊስ። ቤቱ ጠፍቶባቸው አይደለም። ሄደዋል። እናቱ ወይዘሮ የብርጓል እግራቸውን አጥበው፣ ዓሣ ጠብሰው ተቀበሏቸው። ሃምሳ አለቃ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እናትየው ቀደሟቸው።

«‹በሱዳን በኩል ነው አይደል የሄደው?› አሉኝ። ‹ሰው ኮብላይ ብሎ ይሰድበዋል፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። የሞተ አይመለስም፤ የኮበለለ ይመለሳል› አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔም ‹አዎ፣ ወደ ሱዳን ሲሻገር ያዩት አሉ› አልሁ። ዓሣውን በልቼ ተመለስሁ።»

ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ቁመው አገኘኋቸው። ርሆቦት የምትባል፣ ከደልጊ ዓሣ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ወሬ አምጥታለች። ወይዘሮ የብርጓል አልጋ ከያዙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እህልም ትተዋል። የንስሐ አባታቸው እንዲናዘዙና እንዲቆርቡ ቢለምኗቸው፣ «ልጄ ሲመጣ አብሬው እቆርባለሁ» ይላሉ።

«ገባህ? በእኔ ቃል ያለ ቍርባን ሊሞቱ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

እኔ ላጽናናቸው ፈልጌ፣ «የእግዚአብሔር ምሕረት ሰፊ ነው፤ እዚያ ያገኙት የለም ወይ?» አልኋቸው። ይህን አምናለሁ።

«ያገኙታል። እሱስ ምን ይላቸዋል? ‹ማን ነው ኮብላይ ያለህ?› ሲሉት?» ሱሪያቸውን ሰብስበው ከጕልበታቸው በላይ ያለ የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ። «ከዚያች ኮረብታ ቍስለኛ እየተሸከመ ያወረደ እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አስተኛኝና ‹መጣሁ› ብሎኝ ለአራተኛው ሲወጣ ራሱን መቱት። ተኝቼ እያየሁት ነው የወደቀው። በማግስቱ እግሬ በፋሻ እንደታሰረ ነው ስሙን የጻፍሁት።»

በልቤ «አቤቱ ማረን» አልሁ።

እሳቸው እጄን ያዙ።

«እሑድ ጠዋት ጀልባ አለ ብላኛለች። አብረኸኝ ደልጊ ውረድ። ፊታቸውን ሳይ እንደገና አፌ እንዳይዘጋ እፈራለሁ። ከተዘጋብኝ አንተ ንገርልኝ። ግን አደራህን፣ ‹ሞቷል› ከማለትህ በፊት ‹ልጅዎ አልኮበለለም› በላቸው። መጀመሪያ እሱን ይስሙ። ትመጣልኛለህ?»