ለመኪና ሹክ የሚለው ሰው

በሰፈራችን ሹክሹክታ የሚባል መካኒክ አለ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጣለት የሰፈሩ ካፌ ነው። ወሬው እንዲህ ይላል፦ በብርድ አልነሳ ያለች መኪና ከመጣችለት ኮፈኗን ይከፍታል፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ ይላታል፣ እሷም እንደ ተቆጡት ልጅ ብድግ ትላለች። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ደግሞ ጡንቻ እያወጣ ነው የሚሄደው። ጠዋት ላይ የጭነት መኪና አባብሎ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡስ አስታረቀ። ሻይ ሰዓት ላይ ጭራሽ ሞተሯ የወለቀ መኪና በምክር ብቻ ዳገት ወጥታ ነበር።

እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ይሄ ሰው ከገዛ ሚስቱ ጋር እንኳ የሚነጋገረው በቅንድቡ ነው። ሰላም ሲሉት አንዱን ያነሳል፣ ሲያስቀይሙት ሁለቱንም ይጥላል። እንዲህ ቃል የሚቆጥብ ሰው ደርሶ ለብረት ይለግሳል?

ነገሩ የለየለት በጡረተኛዋ ነርስ መኪና ነው። ነርሷ ከካፌው ፊት ለፊት ነው ቤታቸው። ማለዳ ማለዳ ከከተማው ማዶ እግራቸው የከዳቸውን ታላቅ እህታቸውን ሊያጥቡ የሚሄዱት በዚች ከባላቸው በቀረች ትንሽ መኪና ነው። ሲንከባከቧት ለጉድ ነው፤ ጎማዋን በሳሙና ያጥባሉ፣ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ያለብሷታል። እሷ ግን ውለታ አታውቅም። ብርዱ ከገባ ወዲህ ቁልፍ ሲዞር «ግር… ግር… ግ» ብላ ዝም ነው። ያን ጊዜ ልጃቸው በፒጃማ ወጥቶ ይገፋል። ልጁ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከመግፋት ብዛት ባቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ባት ሆኗል።

«እማዬ፣ በቃኝ» አላቸው። «ቅዳሜ ጠዋት ገዢ ይመጣል። ሳትገፋ ከተነሳች ትቅርልሽ፣ ካልተነሳች ትሂድ።»

«እህቴስ?»

«ታክሲ አለ።»

«በዚያ ሰዓት ታክሲ? አንተን ልሳፈር እንዴ?»

ሹክሹክታ ተጠራ። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ «ባትሪ» አለ። አዲስ ባትሪ ገባላት፤ ከሰዓት ነበርና ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሳች። ካፌው አጨበጨበ። በማግስቱ ጠዋት ግን አዲሱን ባትሪዋን እንደያዘች «ግር… ግር… ግ»።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይሏታል? ቃሉን ረሱት እንዴ?» አለ ልጁ እየገፋ፣ ዳግም ወደተጠራው ሹክሹክታ ዞሮ።

የሹክሹክታ ሁለቱም ቅንድቦች ወደቁ። ለነርሷ ግን እስከዚያ ቀን በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገላቸው፦ «እትዬ፣ እስከ ነገ ማንም እንዳይነካት። ብርድ ልብሱም ይቅር። ሲበርዳት ነው ማየት ያለብኝ፤ ከሞቃትማ ትዋሸኛለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ውርጩ ጢም ያደርቃል። ገዢው እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆሟል። የካፌው ሰው በሙሉ ስኒውን ይዞ አጥሩን ተደግፏል። ሹክሹክታ ጭንቅላቱን ኮፈኑ ውስጥ ቀበረ፤ ወዲያው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። እኔም በዓይኔ አየሁ። ጥርጣሬዬ እግሩ ተንቀጠቀጠ።

«ያዙሩት እትዬ!» አለ። ግር… ግር…። ገዢው ፈገግ አለ፣ ነርሷ መሪው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሹክሹክታ ከመሣሪያ ሣጥኑ ወፍራም ገመድ አወጣ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አሰረና «ይድገሙት!» አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ መርፌ እንደተወጋ ሰው ዘለለ፤ መኪናዋ ተነሳች። አጥሩ ጮኸ። እሱ ግን አስጠፋትና ገመዱን መልሶ ፈታ። ችግሩ የት እንዳለ አሁን ገብቶታል፦ ባትሪውን ከመኪናዋ ገላ የሚያገናኘው ገመድ፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ የታሰረበት ቦታ ላይ ነው። በእጁ ተከትሎት ወረደ፤ ቡሎኑ ጋ ሲደርስ ትኩስ ነው። ቡሎኑን ሲፈታው ሥሩ አረንጓዴ ነው። ያውም የግቢው በር አረንጓዴ፣ ልቅም ተደርጎ የተቀባ። በሞቃት ቀን እንደምንም የሚያልፈው ኃይል፣ ብርድ ዘይቱን ሲያወፍረውና ሞተሩ ሲከብድ ቀለሙ ላይ ቆሞ ይቀራል።

«ማነው ይሄን የቀባ ጠላት!» አለ ሹክሹክታ፤ ይሄን ጊዜ በሹክሹክታ አልነበረም።

ነርሷ ከመኪናው ወረዱ። «እኔ ነኝ» አሉ። «በሩን ስቀባ የተረፈ ነበር። ዝገት እንዳይበላት ብዬ ቡሎኑን ፈትቼ፣ ከሥሩ ቀብቼ፣ መልሼ አሰርኩት።»

ልጁ አንዴ ባቱን፣ አንዴ እናቱን አየ።

«አቀባብዎ… ንጹሕ ነው እትዬ» አለ ሹክሹክታ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ፋቀው፣ ብረቱ ሲያበራ ቡሎኑን አጠበቀ። ነርሷ ቁልፉን ገና አዙረው ሳይጨርሱ መኪናዋ ተነሳች። ገዢው ሄደ። ነርሷም ሄዱ፣ ወደ እህታቸው። ልጁ ተመልሶ ተኛ።

ካፌ ስንገባ ወሬው ቀድሞን ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ደግሞ መኪናዋ መልሳ «እሺ» ብላዋለች ተብሏል። ሹክሹክታ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ አላስቻለኝም። «በእናትህ፣ ምን ብለሃት ነው?» አልኩት።

ቅንድቡን ሳያነሳ አፉን ከፈተ።

«እኔ ከመኪና ጋር አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም። ስሳደብ ነበር፤ መጀመሪያ ባትሪ ነው ብዬ የተሳሳትኩትን ራሴን፣ ቀጥሎ ሥራዬን ያበላሸብኝን ሰው ሁሉ። እትዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሞተር የሌላት መኪና አስነስቼ አላውቅም፣ ዳገትም አላስወጣሁም፣ ያቺ መኪናም ምንም አልመለሰችልኝም። ማሳውን ፋቅሁት፣ ተነሳች። አለቀ።»