አለቀ የተባለው ቤት

የበደሉኝ ሰው እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሚስት። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ዛሬ የአገራችን የዘመሮ ሰው «ተረት አዋቂዋ ሞተች፤ ተረቷም አብሯት ጠፋ» እያለ ሲቆጭ እሰማለሁ። የልጅ ልጄም ስልኳን አፌ ላይ ደቅና «እምዬ፣ የእሳቸውን ተረት ንገሪኝ» ትለኛለች። ይጥፋ እላታለሁ። አንዷን ግን ልጻፋት።

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ውርጩ ደጁን ሲያነጣው፣ ማታ ማታ እሳቸው ቤት ተሰብስበን የበግ ጠጉር እንፈትል ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ እሳቸው ይተርታሉ። ድምፃቸው ግሩም ነበር፤ እሱን አልክድም።

ያለኝ አንድ ወንድሜ በኩፍኝ የሞተ ዓመት ግን ተረታቸው ሁሉ አንድ ሆነ። ወንድ ልጁ የሞተበት ሰው ነበረ፤ ሴት ልጅ ብቻ ቀረችው፤ ደጁን ሳማ ዋጠው፤ ያ ቤት አለቀ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። ማሳችን ከማሳቸው ጋር ይዋሰናል፤ ዛሬ እኔ ገብስ የማስዘራበት ማሳ። እሳቸው ደግሞ መሬት ያልበቃቸው ጎረምሶች ነበሯቸው። በእኛ አገር ሴትም ርስት ትወርሳለች፤ እሳቸው ራሳቸው የተቀመጡት በእናታቸው ርስት ላይ ነበር።

አንድ ማታ ተረቱን ጨርሰው ወደ አባቴ ዞሩ።

«እንግዲህ ተሰማ፣ ያለቀ ቤት ነው። መሬቱን በቁምህ ለወንድምህ ልጆች ብታወርስ ምን አለ? ይቺ እንደሆን ነገ ባሏን ተከትላ ትሄዳለች።»

አባቴ ፍሙን ቆስቆስ አድርጎ «እስቲ ላስብበት» አለ። የእናቴ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ያ ሁሉ ተረት ለእኛ ሳይሆን ለማሳው ሲተረት እንደከረመ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ፍም የሚወስዱበት ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዘው ብቅ አሉ። ሲተርቱ አምሽተው እሳታቸውን ሳይዳፍኑ ተኝተው ኖሯል። በእኛ ዘንድ እሳት ለሚጭር ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ አይከለከልም።

«እሳት ልጭር መጥቼ ነው» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እናቴ «ስጪያቸው» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ካለቀ ቤት እሳት ይጫራል እንዴ፣ እትዬ?»

«ምላሳም። ይልቅ ገሉን ተቀበይ።»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ገሉን ተቀበልኩ፤ ከምድጃው ጥግ የበረደ አመድ አፈስኩና እስከ አፉ ሞልቼ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ መለስኩላቸው።