ሰፊዋ ብሎን

በጣቶችህ መሃል የምታሽከረክራትን ብሎን አስቀምጣት። ከስፌት ዕቃዬ ጣሳ ውስጥ ማን አውጣ አለህ? ይልቅ አሽትታት። ይህን ሁሉ ዓመት ከክርና ከመርፌ ጋር ኖራ ዛሬም ቤንዚን ቤንዚን ትላለች፤ ወይም የምትሸተው ለእኔ ብቻ ይሆናል። ይህ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚፈላውም በአባትህ ላይ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔ ግን እወቅሰዋለሁ።

ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው ልትለኝ አይደል የመጣኸው? እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።

እኔና አባትህ እዚሁ ዳባት፣ በአያትህ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። ከሰው ድምፅ እኩል የሞተር ድምፅ እየሰማን ነው አፍ የፈታነው። ናፍጣ ሲያንሰው ወይም ቀበቶው ሲላላ የወፍጮው ድምፅ ይለወጥ ነበር። ያን ጊዜ አያትህ ዱቄት የለበሰ ፊቱን ከስልቻው ላይ ሳያነሳ «ምን አለች?» ይለናል። መልሱን ለመናገር እንሽቀዳደም ነበር፤ ሁልጊዜም የምቀድመው እኔ ነበርኩ። አባትህ ይህን ዕድሜ ልኩን ሲክድ ኖሯል።

ጎረምሳ ሲሆን ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ መጣ። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚጠጣ ዓይነት ነበር። እንዳለ ቢተወው ምን ነበረበት? ሲሊንደሩን አስፍቶ አስጠረበ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቆረጠ፣ ከሌላ ከተጣለ ሞተር ትልቅ ካርቡሬተር አውጥቶ ገጠመለት። ቅዳሜ ሲያስነሳው የገበያው አህያ ሁሉ ይደነብር ነበር። እሱ ደግሞ አህያ በደነበረ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

እንዲህ የተነካካ ሞተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጠጣ የምትወስነው ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ የምትገባው ይህች ብሎን ነበረች። መሃሏ ላይ ያለውን ቀዳዳ ወደ መስኮቱ ይዘህ እየው፤ ቤንዚኑ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሁለት ነበሩን፤ አንዷ ጠባብ፣ አንዷ ሰፊ። የእኛ አገር አየር ስስ ነውና ብዙ ቤንዚን አይፈልግም። ስለዚህ በጠባቧ ከዳባት እስከ ቡይት ራስ ዳገቱን ያለ አንዳች ጭስ ይወጣው ነበር። ሰፊዋ ስትገባለት ያስለዋል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ሊማሊሞን ወርደህ ቆላ ስትገባ ግን አየሩ ይወፍራል። እዚያ በጠባቧ ከሄድክ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና አብሮ ያንሳል። ሞተሩ በጥም ይነድዳል።

ይህን አባትህም ያውቅ ነበር። የሚያናድደኝም ማወቁ ነው። የሰርጉ ቀን እየቀረበ ሲመጣ፣ እናትህ ከሊማሊሞ በታች ያለች የቆላ ልጅ ናትና፣ በየትኛዋ እንደሚወርድ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። እሱ «በጠባቧ ሄጄ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሜ እቀይራለሁ» ይላል። እኔ «ከዚሁ በሰፊዋ ሂድ፤ ያጭስ፣ ያስለው፣ ግን በሰላም ያደርስሃል» እላለሁ።

«ቆሜ እቀይራለሁ አልኩሽ እኮ፣ እቴ!»

«አንተ? የሙሽራ ልብስ ለብሰህ? ሰው እያየህ?»

በመጨረሻ በእናታችን ፊት እሺ አለ። ሰፊዋን በገዛ እጄ ገጥሜ፣ ጠባቧን ከመቀመጫው ሥር ካለው የመፍቻ ከረጢት ውስጥ ከተትኳት። አርቄ ብወረውራት ኖሮ!

በሰርጉ ጠዋት አባትህ አንደኛ ሚዜውን ከኋላው አፈናጥጦ ከፊት ሄደ፤ እኛ ሰርገኞቹ በአይሱዙ ተከተልን። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጭሱ ከሞተሩ ኋላ ተዘርግቶ በመስኮቱ እየገባ ያስነጥሰን ነበር። ሞተሩ ባሳለ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ደባርቅ የቀሩትን ሰርገኞች ለመጫን መናኸሪያው አጠገብ ቆምን፤ ሥራ ፈቱ ሁሉ ጭሱን እያየ ይስቅ ጀመር።

ሚዜው እንግዲህ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። በእናትህ አገር የሙሽሪት ጓደኞች በር ላይ ቆመው ሰርገኛውን በግጥም መስደብ ወጋቸው ነው። ማንም አይቀየምም፤ ግጥሙ ግን ካማረ ስም ሆኖ ይቀራል። ሚዜው ከሞተሩ ወርዶ ልብሱን እያራገፈ «ይህን ይዘህ ብትገባ ምን እንደሚሉህ ልንገርህ?» አለና በሴት ድምፅ አወረደው፦

«የደጋው ሙሽራ ምን ይዞ መጣ፣
እንደ እርጥብ ማገዶ ጭስ ብቻ የሚያወጣ።»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። አባትህ ብቻ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውሃ ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ፤ ስመለስ ሞተሩም ሁለቱም የሉም። ሾፌሩ፣ ጢማቸው የሸበተ ትልቅ ሰው፣ «አፋፉ ላይ እንጠብቃችኋለን ብለው ቀደሙ» አሉኝ።

ሊማሊሞ አፋፍ ላይ መኪና ሁሉ ቆሞ ፍሬኑን ሳይፈትሽ አይወርድም። ሾፌሩ ሊፈትሹ ወረዱ። አባትህ እውነትም እዚያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኛን ሲያይ ሞተሩን ረግጦ አስነሳና ወደ ቁልቁለቱ ነዳው። ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር፤ ከማርሚታው ምንም ጭስ አልወጣም። «ምን አለች?» የሚለው የአባቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ጥሩንባ ይንፉበት! ያስቁሙልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ ሾፌሩ ጎማውን በእግራቸው እየመቱ፣ «ሊማሊሞ ላይ ሙሽራ የሚያባርር መኪና እኔ አልነዳም።»

ያን ቁልቁለት የወረድኩት ነፍሴን ይዤ ነበር። በየጠመዝማዛው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጆሮዬ ይደፈንና ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር ሞተሩን ከታች እሰማዋለሁ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየደረቀ ነበር። ከእኔ በቀር የሚሰማው አልነበረም፤ ከኋላ እልልታውና ጭብጨባው ደርቷል። ሜዳው ላይ ሲደርስ አባትህ ሙሽራ መምጣቱ ከሩቅ እንዲሰማለት ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ሰጠው። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

ስንደርስ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ የኋላ ጎማው አልዞር ብሎ፣ ሁለቱም መንገድ ዳር ወድቀው ነበር። ሚዜው መዳፉ ብቻ ተልጧል፤ ለእሱ እስከ ዛሬ አላዝንም። አባትህ ግን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወዲያ ዞሯል። በላዩ ቆምኩና ስለ እግሩ እንኳን ሳልጠይቀው «ሰፊዋስ?» አልኩት።

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና በመሐረብ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። ይህቺው ናት።

«ደባርቅ መውጫ ላይ ሰው ሳያየኝ ጠባቧን አገባሁ፤ ሰፊዋን አፋፉ ላይ ልመልሳት ነበር» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ነበር ያሰብኩት። አላፊ አግዳሚው ከበበኝ። በዚህ ልብስ ተንበርክኬ፣ እጄን ቤንዚን ነክሬ... አፈርኩ፣ እቴ።»

በጥፊ መታሁት። በሰርጉ ቀን፣ እግሩ የተሰበረ ሙሽራ። ሾፌሩ አማተቡ። ከዚያ ራሱን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ «ልብሴን አበላሸሽው» አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጭንቀቱ ልብሱ ነበር!

ደባርቅ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ብንለው ሙሽራ ከደጅ አይመለስም አለ። በአይሱዙው ጫንነው። በሩ ላይ ልጃገረዶቹ ግጥማቸውን አዘጋጅተው ቆመው ነበር። ሁለት ሰው ደግፎት ሲያዩ አንዷም አፏን አልከፈተችም። እንዲያ የፈራውን ስድብ ያን ዕለት በወርቅ በገዛሁለት። የአገሩ ወጌሻ እግሩን በቀርከሃ አሰረለት፤ ሰርጉ እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጠ። አጥንቱ ጠምሞ የገጠመው ለዚህ ነው። አንተ ሲያነክስ ነው የምታውቀው፤ እኔ ግን አጥር ሲዘል አውቀዋለሁ።

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አንገቱን ባገኘው አንቀው ነበር። መናኸሪያ ላይ የሳቀው ሁሉ በማግስቱ ረስቶት ሥራው ሄዷል። እግሩ ግን የአባትህ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ መከራ ግን የሚመክረው እሱን ብቻ መስሏቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞተር ላይ አልወጣም። ያ ሞተር ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዝጎ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ሆነ። «ይቅርታ» የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ እኔም ቁጣዬን አልተውኩም። ግን ወደ ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ እዚህ ደጃፍ እየመጣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። በአስፋልቱ ሞተር ሲያልፍ ፊቱን ሳያዞር «ምን አለች?» ይለኛል። እኔ «ጠምቷታል» ወይም «ጠግባለች» እላለሁ። እሱ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ መልሱን ለእኔ ትቶልኝ አያውቅም ነበር።

ትናንት ማታ አንድ ሞተር አለፈ። ቤንዚን አጥሮታል፤ ድምፁ ያስታውቃል። ፊቴን እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ መልሼ ትንሽ ጠበቅኩ።

እንግዲህ ብከለክልህም መግዛትህ አይቀርም፤ ዓይንህን አይቼዋለሁ። ግዛ። ግን መጀመሪያ እዚህ ደጃፍ አምጥተህ አስነሳውና «ምን አለች?» ብለህ ጠይቀኝ። ከእሱ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።