የኦጁሉ ታንኳ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ደግሞ ብዙ ነገር ነው የሚያውቁብኝ፤ ጾም የሻርኩበትን፣ በሐሰት የማልኩበትን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ የከረምኩበትን ሁሉ ያውቃሉ። ይቺ ጋ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ይኸው ነው አባቴ» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ይኸው ብቻ እንዳልሆነ ሆዴ ያውቃል።

እናንተ አታውቁኝም፣ ለዚህ ነው ለእናንተ መናገር የቀለለኝ። ዳዊት እባላለሁ፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። አባቴ ከደጋ የመጣ የጤና ባለሙያ ነበር፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ደንበኞቼ ከእጄ ይልቅ ምላሴን ነው የሚያደንቁት። የሞተ ስልክ ይዞ እየተናደደ የገባ ሰው፣ ሌላ ስልክ ገዝቶ እየሳቀ ይወጣል። በምላሴ ነው እንጀራዬን የበላሁት፤ የበደልኩትም በምላሴ ነው።

የበደልኩት ኦጁሉን ነው። ኦጁሉ አኙዋ ነው፤ ባሮ ወንዝ ዳር ካለችው ከኢታንግ መጥቶ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። አማርኛ ሲሰማ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንደ ልቡ ያወራል፤ ሰው ሲበዛ ግን አፉ ይታሰራል። አንድ ቀን መምህር አስነስቶት ሲመልስ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አማርኛ መናገር ተወ። እኔም ስቄያለሁ፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ በኋላ የሱ አፍ ሆንኩ። ቀበሌ ሲሄድ እኔ ነኝ የምናገርለት፤ ባንክ ሲሄድ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ እኔ ነኝ። ውለታ የምውልለት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን «ቋንቋህን አስተምረኝ» ብዬው አላውቅም።

ትምህርት ጨርሰን እኔ ሱቅ ስከፍት፣ ኦጁሉ ከኢንተርኔት ባወረዳቸው ቪዲዮዎች ፕሮግራም መጻፍ ለብቻው ተማረ። መብራቱ የተሻለ ስለሆነ ከሱቄ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እየተቀመጠ ባረጀ ላፕቶፕ የሞባይል ጨዋታ ሠራ። ስሙን ታንኳ አለው። ባሮ ሞልቶ እየመጣ ነው፤ ዳር ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሽማግሌ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አሳ የተሸከመ። ቀዛፊው አንተ ነህ። ሁሉንም ታሻግራለህ፤ አንድ ሰው እንኳ ዳር ላይ ከቀረ ጨዋታው ወደሚቀጥለው ደረጃ አያሳልፍህም። አባቱ ኢታንግ ላይ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። የማን ወገን ነህ ሳይሉ ሰው ሲያሻግሩ ኖረው «ሰው ዳር ላይ አይቀርም» ይሉ እንደነበር ነግሮኛል። ሕጉን ከሳቸው ነው ያመጣው።

ጨዋታው ያስደስታል፤ ሰዎቹ ግን ክብሪት ይመስላሉ። ሠዓሊ ያስፈልገዋል፤ ድምፅ የሚሠራለትም፣ ደካማ ስልክ ላይ እንዲሄድ የሚያስተካክልለትም ያስፈልገዋል። የሚከፍለው ሳንቲም ስለሌለው በነጻ የሚሠሩ ልጆች መፈለግ ነበረበት። በተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ጥሪውን ለጠፍኩለትና ቅዳሜ ባሮ ዳር፣ ማንጎዎቹ ሥር እንድንገናኝ ቀጠርኩ። ሰው ፊት ቆሞ የሚናገረው ማን ነው? ያው እኔ ነኛ! ኦጁሉ ልናገርለት የሚፈልገውን ሲያስብበት ሰንብቶ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ። ሦስት ብቻ። «እንዳልኩህ ንገርልኝ ዳዊት። አትጨምር፣ አትቀንስ። አደራ።» አለኝ። «ምን ነካህ፣ እኔ እያለሁ!» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወባ ጣለው። በስልክ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ሂድና ንገራቸው፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ አለኝ። ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ እችል ነበር፤ አላስተላለፍኩም። ሄድኩ።

ይመጣሉ ካልኩት በላይ መጡ። ሁለቱን ልንገራችሁ፤ መጨረሻ ድረስ የቆዩት እነሱ ናቸውና። ኛቦል የምትባል የኑዌር ልጅ አለች፣ እጇ ወርቅ የሆነ ሠዓሊ። ሌላው ተስፋዬ ነው፤ ከመቲ ከተማ የመጣ፣ ኮምፒውተር የሚያጠና። ጨዋታው ያለበትን ስልኬን አዟዟርኩላቸው። ተሻሙበት፤ አንዱ ታንኳው ሲገለበጥበት ሌላው ይስቅበታል። ከዚያ መናገር ጀመርኩ። መጀመሪያ «ጨዋታው» ነበር የምለው። ትንሽ ቆይቼ «ጨዋታችን» አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሲወስደኝ እኔም እየሳቅኩ ነበር። ኛቦል ስልኩን ስትመልስልኝ «ሐሳቡ የማን ነው?» አለችኝ። ምንም ተንኮል የለባትም፤ ደስ ብሏት ነው የጠየቀችኝ። ከበስተኋላዬ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አንዱ ባጃጁን ውሃ ውስጥ አቁሞ ይፈትጋል። ሁሉም ሰው እኔን ያያል።

«የኔ ነው» አልኩ።

አልኩት! ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። «ጎበዝ ነህ» አለችኝ፤ ያቺን ቃል እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣኋት። በዕድሜዬ ሌላ ሰው የሠራውን ስጠግን ኖርኩ እንጂ የኔ የምለው ነገር ሠርቼ አላውቅም። ያ ቅናት ነበር? ቅናት ነበር። ኦጁሉ ከመጋረጃዬ ጀርባ የራሱን ነገር ሲፈጥር፣ እኔ ከመጋረጃው ፊት የሰው ስክሪን ስቀይር፣ ሲበላኝ ኖሯል። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቅናት የሌለበት ሰው የለም፤ አደራ የሚበላ ግን ሁሉም አይደለም።

ማታውን ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ላብ አጥምቆታል። «ነገርካቸው?» አለኝ። «እንዳልከው» አልኩት። ፈገግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ። እዚያው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር፤ ውሸት ነው። ቀለል ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ ቤቴ ገብቼም እራት በልቻለሁ።

ተሽሎት ማንጎዎቹ ሥር ወደምናደርገው ስብሰባ የመጣ ቀን ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። ከሩቅ አየሁት። አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁና «ይሄ ኦጁሉ ይባላል፣ ጓደኛዬ ነው፣ ሊያግዘን ነው የመጣው» አልኳቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚችል እንጠይቅ ነበር፤ ተስፋዬም እንደ ልማዳችን «አንተስ ወንድሜ፣ ምን ትችላለህ?» አለው።

ኦጁሉ ወደኔ ዞረ። አፉ እኔ ነበርኩና፣ እስክናገርለት ጠበቀ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ያን ዝምታ አስቤበት ነው የዘየድኩት፤ ይህን ስሙኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየው «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ በአማርኛ ቆሞ መናገር እንደማይችል አውቃለሁ። ከእናቱ ቀጥሎ ያንን የማውቅ እኔ ነኝ። የልጅነት ቁስሉን አውቄ፣ እዚያ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ «እየተጫወትኩ ስህተት አወጣለሁ» አለ። ተስፋዬ «አሪፍ!» ብሎ ስሙን መዘገበው። ኦጁሉ በገዛ ጨዋታው በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ተቀጠረ።

አለመሄዱ ነው የሚገርመኝ። ተቀመጠ። ከኋላ ተቀምጦ ይሞክራል፣ ስህተት ያወጣል። ኛቦል ክብሪቶቹን ሰው ስታደርጋቸው ዓይኑ ሲያበራ አይቼዋለሁ። ብቻችንን ስንሆን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። እስኪጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ዝም ካለማ ተስማምቷል አልኩ። በየቀኑ ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ትናንት ያላልኩትን ዛሬ እንዴት እላለሁ እያልኩ፣ ዛሬውን ደግሞ ትናንት አደረግኩት።

የተለያየንበት ቀን ነገሩ በጨዋታው ሕግ መጣ። ተስፋዬ ተጫዋች እየሰለቸው ነው አለ፤ ሁሉም ሰው ካልተሻገረ ማለፍ አይቻልም ማለት ያበሳጫል፣ ታንኳው ከሞላ የቀሩትን ትቶ ይሂድ። ሁሉም «ልክ ነው» አለ። ያኔ ከኋላ ድምፅ መጣ። ኦጁሉ ቆሟል፤ ሰው ፊት፣ በአማርኛ።

«አይሆንም» አለ። «ሰው አይቀርም።»

ሌላ አልጨመረም። አንድም ሰው አልሳቀበት። ያን ጊዜ እንኳ ከጎኑ ብቆም ኖሮ! እኔ ግን ፈራሁ፤ የሚቀጥለው ቃሉ ምን እንደሆነ ፈራሁ። እጄን አንስቼ «ጨዋታው የኔ ነው፣ እኔ እወስናለሁ» አልኩት። ቁጭ አላለም። ስልኩን ኪሱ ከቶ በወንዙ ዳር ሄደ። በማግስቱ እኔ በሌለሁበት መጥቶ ላፕቶፑን ከጓዳዬ ወሰደ።

ጨዋታውን ግን ቀደም ብዬ ከላፕቶፑ ገልብጬ ለተስፋዬ ሰጥቼው ስለነበር፣ ሰው ዳር ላይ እየቀረበት ወጣ። ልጆች ከስልክ ስልክ እየተላላኩ ከተማው ውስጥ ለአንድ ክረምት ያህል ተጫወቱት። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የኔ ስም ነበር። ሬዲዮ ላይ ጠርተውኝ ሐሳቡ ከየት መጣልህ ሲሉኝ ምን ብል ጥሩ ነው? አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበር አልኩ! ዋና የማይችለው፣ ባሮን በድልድይ ካልሆነ የማይሻገረው የኔ አባት! ጨዋታውን ወስጄ አልበቃኝም፤ የሰውን አባት ወሰድኩ። አትጨምር ነበር እኮ ያለኝ።

ከዚያ እንደሁሉ ነገር ተረሳ። ኛቦል አግብታ ሄደች፣ ተስፋዬ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ፣ ስልኩም ተቀያየረ። ዛሬ ታንኳ ያለበት አንድ ስልክ ባገኝ እሸልም ነበር። ያጠፋሁት ጥፋት ብቻ ነው ሳይጠፋ የቀረው።

በቅርቡ ኦጁሉ ኢታንግ መሆኑን ሰማሁ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር፤ መቼም ንግግር አያቅተኝም። ገበያው አጠገብ በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ደጁ ላይ ሚስቱን አገኘኋት፤ ከተማ ያደገች፣ አማርኛዋ የሚፈስ፣ ሳቂታ ሴት። «ተቀመጥ ወንድሜ» ብላ ውሃ ሰጠችኝና ጠራችው።

ወጣ። ጨበጠኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ በአኙዋ ተናገረ። እሷ ሳቀች፤ «ምን ሆነሃል? አማርኛ ትችል የለም እንዴ!» አለችው። ደግሞ አንድ ነገር አላት። ሳቋን ተወች።

«አንቺ ተናገሪልኝ ነው የሚለኝ» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት። «‹እንዳልኩት ንገሪው፣ እንዳለውም ንገሪኝ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ› ይላል።»

ውሃው እጄ ላይ ቀረ።

«ምን ልበለው?» አለችኝ።

ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋ። በድዬሃለሁ የምለው ለሱ ነበር፤ አሁን ግን በሷ አፍ ማለፍ አለበት። ልትሰማኝ ነው፤ ፊቷ ሲለወጥ ላየው ነው። እዚያም ለራሴ ነው ያፈርኩት፤ እዚያም ለራሴ! «ሰላም ልልህ ነው የመጣሁት በይው» አልኳት። አለችው። አጭር መልስ ሰጠ። «‹ሰላም ነን› ይላል» አለችኝ። ወደ ስልኮቹ ተመለሰ።

አሁን ከሱቄ አጠገብ አሳ የምትሸጥ አኙዋ ሴት ቋንቋውን ታስተምረኛለች። ወንዝ ማለት እችላለሁ፣ ታንኳ ማለት እችላለሁ፣ አባትህ ማለት እችላለሁ። ስናገር ደንበኞቿ ይስቁብኛል፤ ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ። «ወሰድኩብህ» እንዴት እንደሚባል ግን ገና አልጠየቅኳትም። ለምን ፈለግከው ትለኛለች ብዬ እፈራለሁ። ይኸው አሁንም ፈሪ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም፤ ይቅርታው በእጃችሁ አይደለም። ቋንቋው ሲገባኝ ኢታንግ እሄዳለሁ፤ ይቅር ባይለኝም እውነቱን ነው። እስከዚያው ግን ባሮ ዳር ማንጎዎቹ ሥር እንድናገርለት የሰጠኝን ሦስት ዓረፍተ ነገር ለእናንተ ላድርስ። እንዲህ ነበር ያለኝ፤

«ታንኳን የሠራሁት እኔ ኦጁሉ ነኝ። ሐሳቡ የአባቴ ነው። ሥዕልና ድምፅ የሚችል ሰው ካለ እባካችሁ አግዙኝ።»