በእርጥብ ደንገል የተሸፈነው የፀሐይ መስታወት

ባለቤቴ ክንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ፣ ጎርጎራ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ኬላ ጣራ ላይ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መስታወት ገጠመ። የክትባት ማቀዝቀዣው የሚሠራው በዚያ ኃይል ነው። የቀድሞው ዓይነት ቆርቆሮ ላይ ሲግል ጉልበቱ ይደክማል፤ አዲሱ ግን ብርሃን የሚቀበለው ነገር መስታወቱ ላይ እንደ ቀለም በስሱ የተቀባ ስለሆነ ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ይህን የነገረኝ ከመንገድ እንደገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው።

በሚያዝያ አካባቢው ላይ ኩፍኝ ገባ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰበሰቡ፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ግን ሞቋል፣ ክትባቱም ተበላሽቷል። ሳይከተቡ ከተመለሱት ልጆች የሞቱ ነበሩ። የወረዳው ካድሬ አሻጥር ነው አለ፤ ክንዱንም ያደረገውን ሰው ፈልጎ እንዲያመጣ ላከው።

ክንዱ ጣራው ላይ ሲወጣ መስታወቱን ከሐይቁ ዳር በታጨደ እርጥብ ደንገል ተሸፍኖ አገኘው። የሸፈኑት የኬላው ዘበኛ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። በሐይቁ ዳር ዓሣ ወደ ገበያ ሲሄድ ፀሐይ እንዳያበላሸው እርጥብ ደንገል ያለብሱታል። እሳቸውም የማቀዝቀዣው ብርድ ከመስታወቱ የሚወርድ መስሏቸው፣ ፀሐይ ስትበረታ መሰላል እየወጡ ያለብሱት ኖሯል።

«መስታወቱ ሲግል እጅ አያስነካም እኮ፣ ልጄ» አሉት። «እኔ ባልደርስለት ይሄኔ ቀልጦልህ ነበር።»

ሌላ ጊዜ እንዳይሸፍኑት ብቻ ነግሯቸው ተመለሰ። ማታ ቤት ገብቶ ያየውን ሁሉ ነገረኝ። ያየኸውን ተናገር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ይምሯቸዋል አልሁት።

«የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፣ አገርነሽ። ሰዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው» አለኝ። «ደግሞስ ስገጥመው ለኬላው ሰዎች ሙቀት ይችላል አልኋቸው እንጂ ብርሃን አትከልክሉት መች አልኋቸው?»

በማግሥቱ ለካድሬው፣ ጥፋቱ የአገጣጠሙ ነው፣ የኔ ነው አለው። አሰሩት። ሲፈቱት ወደ መተማ ቆላ አዛወሩት፤ እዚያው ወባ ገደለው።

መሪጌታ ወሬው ደርሷቸው በጀልባ ለቅሶ መጡ። ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ። ኋላ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣

«ምን አጥፍቶ ነው እዚያ በረሃ የሰደዱት?» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁት። ከሞቱ በቀር የሰሙት ነገር የለም።

«ሥራ ሆኖበት ነው፣ የኔታ» አልኋቸው።