የሰሌዳው እጣቢ

የቢቸናዋ ልብስ ሰፊ ዘርፈሽ በየማለዳው ሱቋ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ የግእዝ ቃል ከነፍቺው፣ ከሥሩም ቀኑ በከተማችን የሚታወስበትን ነገር በጠመኔ ትጽፋለች። እኛማ ሳናነብ አናልፍም። ማታ አጥባ እጣቢውን መንገድ ላይ ትደፋዋለች።

አንድ ቀን፣ «ሣህል፦ ምሕረት ማለት ነው። በድርቁ ዘመን ዝናብ የጣለልን በዛሬዋ ቀን ነው» ብላ ጻፈች።

ማታ ልታጥበው ስትል እማማ አመተ ሥላሴ ጣሳ ይዘው ከሰሌዳው ሥር ቆሙ።

«እማማ፣ ጠመኔ እኮ ነው!»

«ጠፍቶኝ መሰለሽ? በጠኔ የተዘረረች ልጄ ዓይኗን የገለጠችው ያን ዝናብ ሰምታ ነው። ይልቅ እጠቢ!»

እጣቢውን ተቀብለው፣ እንደ ጠበል አማትበው ጠጡት።

ከዚያ ወዲህ ዘርፈሽ የሰሌዳዋን እጣቢ እግር በሚረግጠው ቦታ ደፍታ አታውቅም።